ሸኽ ሚስባህና ከግድግዳው ማዶ ያለችው ሕፃን

ታሪኩን ከመጀመሬ በፊት አውፍ እንድትሉኝ፣ ይቅር እንድትሉኝ እለምናለሁ። ታላላቅ ዑለሞች ስለ ታላላቅ ፈተናዎች ጽፈዋል፤ ስለ ረሃብ፣ ስለ እስር፣ ስለ ግፈኛ ገዢ። እኔ የምተርካት ፈተና ግን ክብደቷ ከአንድ የወተት ቅል አይበልጥም፤ ጥርስም አላበቀለችም። ለእንዲህ ያለ ነገር የአንባቢን ጊዜ መውሰድ ነውር እንደሆነ አላጣሁትም። ሦስት ጊዜ ልተወው አስቤ ሦስት ጊዜ ኢስቲግፋር አድርጌ የአላህን ምሕረት ለመንሁ፤ በአራተኛው ተሸነፍኩ።

ከድሮ ከተሞች በአንዲቱ፣ ቤቶቿ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው እንደ ሰጋጅ ሰፍ በቆሙባት፣ ሸኽ ሚስባህ የሚባሉ ዓሊም ነበሩ፤ አላህ ይዘንላቸው። በዚያች ከተማ ከዙህር ሶላት እስከ አስር ሶላት ባለው ጊዜ ሙቀቱ እንደ ነጠላ ወርዶ ሁሉን ይሸፍን ነበር ይባላል። ርግቦች በሚናራው ጥላ ውስጥ አንገታቸውን ቀብረው ይቆማሉ። ውሃ የጫነ አህያ መንገድ መሃል ቆሞ ያልማል፤ ባለቤቱም አብሮት ያልማል። ሸኽ ሚስባህ ደርስ የሚሰጡት በዚህ ሰዓት ነው። የሚያስተምሩት ደግሞ ስለ ሰብር፣ ስለ ትዕግሥት።

ሰብርን አስራ አንድ ዓመት አስተምረዋል። ኪታቡ ወፍራም ነው፤ እሳቸውም አይቸኩሉም፤ ገና አራተኛው ባብ ላይ ናቸው። አንዲት ቃል ከያዙ፣ ከየት እንደመጣች፣ እነማን በትርጉሟ እንደተለያዩ፣ የተለያዩትም በየት በየት አገር እንደተቀበሩ ሳይናገሩ አያልፉም። ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ለስላሳ፣ ከወንዝ ማዶ እንደሚሰማ የውሃ ወፍጮ ነበር። ጀመዓው አንገቱን ደፍቶ ያዳምጣል። አንዳንዱማ ከአንገት መድፋት አልፎ ግንባሩ ምንጣፉን ይነካል። ሸኹ ይህን ሲያዩ ዓይናቸው እንባ ይሞላል። «ያ ረቢ፣ እንዲህ ያለ ኹሹዕ፣ እንዲህ ያለ የልብ ተመስጦ ያለው ጀመዓ ለእኔ ለደካማው!» ይላሉ።

ከመስጂዱ ጋር በአንድ ግድግዳ የተጣበቀች፣ በግድግዳው ላይ ባለች ትንሽ መስኮትም ወደ መስጂዱ የምታይ አንዲት ክፍል ነበረች። ወቅፍ ናት፤ ቤት የሌለው ይኖርባት ዘንድ አንድ ደግ ሰው ለመስጂዱ የተዋት። ከጥንት የመጣ ደንቡ ግን ግልጽ ነው፦ ደርስ የሚያውክ ሰው በወቅፉ ቤት አይኖርም። ያን ዓመት በክፍሏ ውስጥ ለኪያ የምትባል ወጣት ሴት ትኖር ነበር። ባሏ ሙሄ ከጨው ነጋዴዎች ጋር ወደ በረሃ ወርዷል፤ የሚመለሰው ክረምቱ ሲወጣ ነው። ጥሏት ሲሄድ እርጉዝ ነበረች። ወለደችና ልጅቱን ዙበይዳ አለቻት።

ዙበይዳም ታለቅሳለች። ጧት ደህና ናት፤ ማታም ደህና ናት። ልክ ሸኹ «ቢስሚላህ» ብለው ኪታቡን ከፍተው ትንሽ እንደቆዩ ግን፣ ከግድግዳው ማዶ ቀጭን፣ ረጅም፣ የተቆጣ ለቅሶ ይነሳል። ለኪያ ሆዷን በጥቁር አዝሙድ አሸችላት፤ ቁርአን ቀራችባት፤ አዝላ ክፍሏን ዞረች። አልሆነም።

ሸኽ ሚስባህ በመጀመሪያው ቀን ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። በሁለተኛው ቀን ለቅሶው ራሱ የሰብር ትምህርት መሆኑን ለጀመዓው አስረዱ፤ ሲያስረዱም ጥርሳቸውን ነክሰው ነበር። በሦስተኛው ቀን ከጥምጣማቸው ስር ጆሯቸው ውስጥ ጥጥ ከተቱ። ያን ዕለት ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሰው ጥያቄ ጠየቀ። ሸኹ ጥያቄውን ሳይሰሙ መለሱ፤ ጠያቂውም መልሱን ሳይሰማ ረካ።

በአራተኛው ቀን የወቅፉ ኃላፊ ሐጂ ቡሽራ መጡ። ሐጂ ቡሽራ ሁልጊዜ ከፊት ሰፍ የሚቀመጡ፣ ለዲን ሲሉ ቶሎ የሚቆጡ ሰው ናቸው።

«ሸኻችን፣ ይቺ ልጅ ዒልም አጠፋች።»

«ስንት ጊዜዋ ነው?»

«ሃምሳ ቀኗ።»

«ከሕፃን ብዕር ተነስቷል፣ ሐጂ። ጥፋት አይጻፍባትም።»

«ከእሷ ይነሳ፤ ከእናቷ ግን አልተነሳም! ደንብ ደንብ ነው። ከወንዙ ማዶ የመስጂዱ አሮጌ ጎጆ አለ፤ እዚያ ትሂድ።»

ያ ጎጆ ግማሽ ጣሪያ ብቻ ነበረው። ክረምቱ ደግሞ በአስር ቀን ውስጥ ይገባል። ሸኽ ሚስባህ ይህን አላጡትም። እንዳልዋሽ ልናገር፤ ነፍሳቸው «አዎ በል፣ አዎ በል» እያለች ትጎተጉታቸው ነበር። ጥጡ ጆሯቸውን አሳክኳቸዋል። «እስከ ጁሙዓ ላስብበት» አሉ። ወሬው ሳይውል ሳያድር ለኪያ ዘንድ ደረሰ።

ሐሙስ ዕለት፣ ዙህር ተሰግዶ ሰው ውዱእ ሲያድስ፣ ለኪያ ልጇን አቅፋ በመስጂዱ በር አጠገብ ቆመች። ሸኹ ጥጣቸውን አውጥተው ወደ እሷ ወጡ።

«አባባ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ።»

«ከቤቱ አትውጪ እንድልሽ ነው፣ ልጄ?»

«ቤቱ የአላህ ነው፤ ፍርዱም የአንቱ ነው። እኔ የምለምንዎ፣ ዛሬ ደርሱን ሲሰጡ በእኛ ግድግዳ በኩል፣ መስኮቷ አጠገብ እንዲቀመጡልኝ ነው።»

ሸኹ ልባቸው ተነካ። «ሰብር መማር ፈለግሽ?»

«አይ አባባ። ልጄ እንድትተኛ ነው።»

ሸኹ ጥጡን በመዳፋቸው ጨበጡ።

«ሙሄ አምና እንቅልፍ እምቢ ብሎት ሰንብቶ ነበር» አለች ለኪያ በፍጹም ምስጋና። «መድኃኒቱንም ሞከረ፣ ዱዓውንም አስደረገ። በኋላ አንቱ ደርስ ገባ። ቃሏን ከየት እንደመጣች ሳይጨርሱ ነው የተኛው! እስከ ዛሬ ይመርቅዎታል።»

«ሙሄ ብቻ ነው?»

«እኔ ምን አውቄ አባባ፤ በመስኮት ነው የምሰማ። ማንኮራፋቱ ግን የአንድ ሰው አይመስለኝም። ልጄንም መሰለኝ የሚያስደነግጣት እሱ ነው። የአንቱ ድምፅ በቅርብ ከተሰማ ይሸፍንላታል ብዬ ነው።»

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ኪታብ ውስጥ የሌለ ፈተና ይህ ነው። አስራ አንድ ዓመት ኹሹዕ ነው ያሉት ነገር ሌላ ሆኖ ተገኘ፤ የነገረቻቸውም ልትሰድባቸው ሳይሆን ልትመርቃቸው ብላ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ያኔውኑ «ነይ ውጪ!» ባለ ነበር። ሸኽ ሚስባህ ጥጡን በጣታቸው ሲያፍተለትሉ ቆዩና መሬት ጣሉት። «እሺ ልጄ፣ ቢስሚላህ» አሉ።

ገብተውም ጀርባቸውን ለምሰሶው፣ ፊታቸውን ለመስኮቷ ሰጥተው ተቀመጡ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያነቡለት ሰው ማን እንደሆነ አውቀው አነበቡ። አልቸኮሉም። ቃሏን ከየት እንደመጣች ነገሯት፤ በትርጉሟ የተለያዩትንም አንድ በአንድ ቀበሩላት። ዙበይዳ አንድ ጊዜ ተነጫነጨች፣ አዛጋች፣ ዝም አለች። ለኪያም ከስንት ቀን ድካም በኋላ ግድግዳውን ተደግፋ ዓይኗን ከደነች።

ከዚያም ዝምታው ሰፋ። መጀመሪያ የኋላው ሰፍ ሄደ፤ ቀጥሎ መሃሉ፤ ከፊት ሐጂ ቡሽራ ጺማቸው ደረታቸው ላይ ተነጠፈ። አዛን የሚያደርገው አያ ጦይብ ምሰሶ ተደግፎ ቀረ። በደጅ ርግቦቹ፣ በመንገድ አህያው። የፀሐይ ብርሃን በመስጂዱ በር ገብቶ ምንጣፉ ላይ እንደ ማር ቀስ እያለ ፈሰሰ። ብዕር ከተኛ ሰው ይነሳልና፣ በዚያ ሰዓት በዚያች ከተማ የሚጻፍበት ሰው አልነበረም። በመጨረሻ ሸኹ ራሳቸው፣ «ሰብር ማለት…» ብለው ትርጉሙን ሳያደርሱ፣ በገዛ ድምፃቸው ተወሰዱ።

በሕልማቸው ትልቅ መስጂድ አዩ። ምሰሶዎቹ ደመና ውስጥ ይገባሉ፤ ሰጋጆቹ ነጭ ለብሰው እስከ ዓይን ማብቂያ ተሰልፈዋል። አንድ የሚያስል የለም፤ አንድ የሚያለቅስ የለም። «ስመኘው የኖርኩት ጸጥታ ይህ ነበር» ብለው ደስ አላቸው። በሰፎቹ መሃል ሲሄዱ እግራቸው ድምፅ አልነበረውም። አጠገባቸው የቆመውን ሰው፣ «ወንድሜ፣ የትኛው ሶላት ነው?» ብለው ጠየቁት። አልመለሰም። ሌላውን ጠየቁ፤ እሱም አልመለሰም። «ወቅቱ ስንት ሆነ?» ብለው ጮኹ፤ ከአፋቸው ድምፅ አልወጣም። ያኔ ፈሩ። ያን ያህል ሰው ቆሞ፣ አላሁ አክበር የሚል ጠፋ።

ከሩቅ፣ ከደመናው በላይ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ የተቆጣ ለቅሶ መጣ።

ሸኽ ሚስባህ ብንን አሉ። በበሩ የገባው ብርሃን ቀልቷል። ፀሐይዋ ከኮረብታው ራስ ላይ ሁለት ስንዝር ያህል ቀርታለች። የአስር ሶላት ወቅት ሊያልፍ ነው! ዙበይዳ ርቧት ከግድግዳው ማዶ ባለ በሌለ ኃይሏ ትጮኻለች። «ጦይብ! ጦይብ!» አሉ ሸኹ። አያ ጦይብ ጥምጣሙን በእጁ እንደያዘ ሚናራውን በሩጫ ወጣ፤ ዕድሜውን ሙሉ እንደዚያ ቀን ፈጥኖ አዛን አላለም ይባላል። ከተማው ሁሉ ከየጥላው እየተነሳ ወደ ውሃ ሮጠ። ሰገዱም። ሶላቱን በሰላምታ ሲዘጉ የፀሐይዋ ግማሽ ገና ከኮረብታው በላይ ነበር።

ሶላቱ እንዳለቀ ሐጂ ቡሽራ ተነሱ። የምንጣፉ ጥልፍ ጉንጫቸው ላይ ታትሟል።

«ሸኻችን፣ ነገ ጁሙዓ ነው። አዩ አይደል? ዛሬም አላስቻለችም! ምን ይወሰን?»

ጀመዓው የሸኹን አፍ አየ። ከመስኮቷ ማዶ ለኪያ ልጇን ጡት አጉርሳ ትንፋሿን ይዛ ታዳምጣለች።

ሸኽ ሚስባህ እንዲህ አሉ፦

«ሐጂ፣ እኔ አስተኛኋችሁ፤ እሷ ቀሰቀሰቻችሁ። ከሁለታችን አንዱ ደርስ አውኳልና ይውጣ ከተባለ፣ ጓዜ ትንሽ ነው፤ ከወንዙ ማዶ የምሻገረው እኔ ነኝ።»

ሐጂ ቡሽራ ጉንጫቸውን እያሹ ተቀመጡ። ለኪያ ክረምቱን በዚያችው ክፍል ከረመች።

ዑለሞች በዚህ ንግግር ትርጉም ተለያይተዋል። አንዳንዶቹ ደርስ ማሳጠር ተወዳጅ መሆኑን ያመለክታል ብለዋል፤ ይህ ግን ደካማ አስተያየት ነው፣ የተናገሩትም አድማጮች ናቸው። እኔ ደካማው የምረዳው ይህን ያህል ነው፦ ጸጥታን የለመነ ሰው ምን እንደለመነ ይወቅ። ከጎረቤቱ ድምፅ የሚሸሽ ሰው፣ አላህ የሚያነቃው በየትኛው ድምፅ እንደሆነ አያውቅም። ሰብርም ኪታቡ ውስጥ ብዙ ገጽ ይኖራት ይሆናል፤ ሸኹ ያገኟት ግን ጥጡን መሬት የጣሉ ጊዜ ነው።

አደራችሁን፣ ይህን ታሪክ ለማንም እንዳትደግሙት። በተለይ ኡስታዞቻችን እንዳይሰሙ፤ ከሰሙ ያብራሩልናል።