በሎሚ ያጠበው ማን ነው?

ሁሉም ነገር የተበላሸው በጥምቀት ዋዜማ ነው። ዘመኑ ጅብና አህያ ከአንድ ምንጭ ይጠጡ የነበረበት ነው፤ ዳኝነቱ ግን ከዛሬው አይለይም።

በጉልት አምባ አያ እንግዳሸት የሚባል ሉል ሰኪ ነበር። ከመርፌው በቀር ሀብት አልነበረውም። ለጭቃ ሹሙ ሚስት ለወይዘሮ ሽታዬ፣ ነጋዴ ከባሕር ያመጣውን ሉል በሐር ክር ሰካላት፤ ክብ ነጩን ከዳር፣ የርግብ አንገት የመሰለውን ጥቁሩን ቀጥሎ፣ ጠማማውን ከመሃል።

ወይዘሮ ሽታዬ ለበዓሉ እንዲያበራላት እንደ ብር ጌጥ ቆጥራ በሎሚና በአመድ አሸችው። ሉሉ ፈዘዘ፤ የአሮጊት ዓይን መሰለ። ጮኸች።

«ሌባው ሉሌን ወስዶ አጥንት ሰካልኝ!»

እንግዳሸት ሉሉን ተቀብሎ አሸተተው። «እመቤቴ፣ በሎሚ ያጠበው ማን ነው?» አለ። እሷ ግን ባሏን ጠራች።

ከሳሽ ሚስት፣ ዳኛ ባል ሆኑ። «ከተረታህ መርፌህ ገደል ይገባል፤ ሁለተኛ ሉል አትሰካም» አለው ጭቃ ሹሙ፤ መርፌውንም እስከ ፍርዱ በመያዣ ወሰደበት።

መጀመሪያ ያበራ እንደሆነ ሊያዩ ነጩን ወደ ፀሐይ አነሡት። ፀሐይ ደመና ውስጥ ገባች። «አየህ፣ ፀሐይ እንኳ አፈረችብህ!» አለው ዳኛው። እንግዳሸትም «በሎሚ ያጠበው ማን ነው?» አለ።

ቀጥሎ ጥቁሩን ለጭቃ ሹሙ ዶሮ ጣሉላት። ዋጠችው። «እውነተኛ ቢሆን ዶሮ ትበላው ነበር?» ተባለ። ሐሰተኛ ከሆነ የሹሙ ዘበኛ ዶሮዋን እየተከተለ ኩሷን ሲበትን ለምን እንደዋለ ግን አልተነገረም። እንግዳሸትም «በሎሚ ያጠበው ማን ነው?» አለ።

በመጨረሻ ጠማማውን የሸንጎው ሽማግሌ አባ ቢተው እንዲነክሱት ሰጧቸው፤ እውነተኛ ሉል ጥርስ ላይ ይሻክራልና። አባ ቢተው የቀራቸው አንድ ጥርስ ነው። ነከሱ። ጥርሱም ሉሉም ተያይዘው አቧራ ላይ ወደቁ። ወይዘሮ ሽታዬ ዘላ አንዱን አነሣች፤ ሳመችው፤ ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

«ይኸው የኔ ሉል! ከየት ተገኘ?»

«ከአፌ ነው፣ ልጄ» አሉ አባ ቢተው።

ሸንጎው በሳቅ ተንከባለለ። ጭቃ ሹሙ ጉሮሮውን ጠርጎ «ነገሩ ለሌላ ቀን ይቀጠር» አለ። ቀኑ እስከ ዛሬ አልደረሰም። መርፌውም ከጭቃ ሹሙ ቤት አልወጣም። እንግዳሸት በየጥምቀቱ ደጃቸው ቆሞ ያንኑ እየጠየቀ አረጀ፤ እየጠየቀ ሞተ።

ስለዚህ በጉልት አምባ ከመሃል ጠማማ ሉል ሳታስር የምትዳር ሙሽራ የለችም። ክሩ ሲቋጠር ሚዜዎች «በሎሚ ያጠበው ማን ነው?» ብለው ይጮኻሉ። ሠርገኛው ይስቃል። የጭቃ ሹሙ የልጅ ልጆችም ከፊት ተቀምጠው አብረው ይስቃሉ።

መሳቁንስ ሳቁ። እንግዳሸት ግን ለቀልድ አልጠየቀም። ከፊት የተቀመጣችሁ፣ እስቲ አንዳችሁ ተነሡና መልሱ፦ በሎሚ ያጠበው ማን ነው? መርፌውስ የት አለ?