በመሠረት ድንጋዩ ሥር

የወረዳው ሹም አቶ ጥሩነህ ንግግር ማድረግ ነፍሳቸው ነው። ባለፈው ዓመት፣ ዛፍ ሥር ለሚማሩ የአንደኛ ክፍል ሕፃናት መማሪያ ክፍል ሊያሠሩ የመሠረት ድንጋይ አኑረው፣ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ተናግረው፣ ተጨብጭቦላቸው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ ብቅ ያሉት ዘንድሮ ነው፤ እሱም አጃቢ አስከትለው ለጉብኝት።

ሲደርሱ ሕፃናቱ የሹሙ ስም የተቀረጸበትን ድንጋይ ከበው፣ በሆዳቸው ተኝተው፣ ትኩር ብለው ያያሉ። አቶ ጥሩነህ ስማቸው እየተነበበ መስሏቸው ደስ አላቸው። ጠጋ ብለው ሲያዩ ግን የልጆቹ ዓይን ያለው ከድንጋዩ ሥር በሚርመሰመሰው ጉንዳን ላይ ነው።

«ምንድን ነው ይሄ?» ብለው መምህርቷ ላይ ጮኹ።

«የማስተዋል ትምህርት ነው፣ ክቡርነትዎ። አይተው የተረዱትን ይነግሩኛል።»

«ደመወዝ የሚከፈልሽ ጉንዳን ለማሳየት ነው? በይ፣ ልጆቹ ከዚህ ያገኙትን አንድ ቁም ነገር እዚሁ ሰው ፊት ንገሪኝ! ካጣሽ መኪና የማይገባበት ቀበሌ ትዛወሪያለሽ!»

አጃቢዎቹ ሳቁ። መምህርቷ የጋዋኗን አቧራ ቀስ ብላ አራገፈች።

«ጉንዳኖቹ ቤት መሥራት የጀመሩት እርስዎ ድንጋዩን ባኖሩበት ሰሞን ነው» አለች። «እነሱ ጨርሰው ገብተውበታል። ልጆቹ ታዲያ እንዴት እንዲህ ቶሎ እንደጨረሱ ሲመረምሩ ከርመው፣ ዛሬ ጠዋት ደረሱበት፤ ከመሃላቸው ንግግር የሚያደርግ ጉንዳን የለም።»