ሳታይ የምትዘለው ዓሣ

አንድ ጊዜ በቀይ ባሕር ዳርቻ፣ በአለቶች መካከል፣ ከጣት የማትበልጥ አንዲት ዓሣ ትኖር ነበር። እዚያ ባሕሩ ይሸሻል፣ ደግሞ ይመለሳል። ሲሸሽ አለቶቹ ይራቆቱና በየስርጉዱ ትንንሽ ኩሬዎች ይቀራሉ፤ ሲመለስ ሁሉንም ይውጣቸዋል።

ባሕሩ በሸሸበት አንድ ማለዳ ጅብና ቀበሮ ምግብ ፍለጋ በአለቶቹ ላይ ርቀው ገቡ። ዓሣዋ ከገበቴ በማትሰፋ ኩሬ ውስጥ ነበረች። ጅብ ገና ሲያያት ለሃጩ ተዝረከረከ።

«ቁርሴ ተገኘ!»

«ቀስ በል፣ አያ ጅቦ» አለች ቀበሮ። «አንተ ኩሬውን ጠጥተህ አድርቀው። መሄጃ ሲጠፋት እኔ እይዛታለሁ።»

ጅብ ሞኝ ነውና ጠጣ። ጨዉ ጉሮሮውን አቃጠለው፣ ሆዱ ተነፋ፣ እሱ ግን አላቆመም። ውሃው ጎደለና የዓሣዋ ጀርባ ታየ። ቀበሮ መዳፏን ስትሰነዝር ዓሣዋ ተወርውራ ከአለቱ ማዶ ያለው ኩሬ ውስጥ ገባች። ካለችበት ሆና ማዶውን ማየት አትችልም፤ ስንዝር ብትስት ደረቅ ድንጋይ ላይ ተፈጥፍጣ መሞቷ ነበር። አልሳተችም። ከዚያም ወደ ሌላው፣ እንደገናም ወደ ሌላው ዘለለች።

ቀበሮ ተንኮሏን ረስታ አፏን ከፍታ ቀረች።

«ወይ ጉድ! የምታርፊበትን ሳታዪ እንዴት ዘለልሽ?»

«አይቼዋለሁ እንጂ» አለች ዓሣዋ። «ባሕሩ ሞልቶ ሳለ በዚህ ሁሉ ላይ እየዋኘሁ፣ የትኛው ጉድጓድ ውሃ እንደሚይዝ ሳጠና ነው የምውለው። እናንተስ የመጣችሁበትን አይታችኋል?»

ቀበሮ ዞር ብላ ስታይ ባሕሩ ተመልሷል። የመጡበት መንገድ የለም። የቱ ጋ እንደሚረገጥ፣ የቱ ጋ እንደሚያሰጥም አይለይም።

«እመቤቴ፣ ልጆቼን ጥዬ ነው የመጣሁት፤ አውጪን!» ብላ ለመነቻት።

ዓሣዋ ለልጆቹ አዘነች። ከዚያ ውሃ በሸፈነው ከፍ ያለ አለት ላይ ቀድማቸው መዋኘት ጀመረች፤ እነሱም እሷ ባለፈችበት እየረገጡ ተከተሏት። በግራም በቀኝም ውሃው ጥልቅ ነው። መሃል መንገድ ላይ ጅብ ከፊቱ የምትዋኘዋን ዓሣ አየና አፉን ከፈተ።

ቀበሮ ጆሮውን ነከሰችው። «አብደሃል? እሷን ዋጥካት ማለት እኮ መንገዱን ዋጥከው ማለት ነው!»

ጅብ አፉን ዘጋ። አሸዋው ላይ ሲደርሱ ቀበሮ ወደ ባሕሩ ዞራ አንገቷን ደፋች። በዕድሜዋ ያለ ተንኮል አንገቷን ስትደፋ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

«ያን ሁሉ አለት ያች ቅንጣት ጭንቅላት እንዴት ያዘችው?» አለች።

«እኔ አሁንም ርቦኛል» አለ ጅብ።

ከዚህ የምንማረው በደህናው ጊዜ ሰፈሩን ጠንቅቆ ያወቀ ፍጥረት፣ ምንም ቢያንስ፣ በጭንቅ ቀን ከራሱ አልፎ ለትልልቆቹም መንገድ መሪ እንደሚሆን ነው።