ጥርስ አምጡ፣ ጨው ላሱ

ተረት አውሪ ብላችሁ ስትነዘንዙኝ ዋላችሁ፤ ይኸው ጀመርኩ። አፍ ይዘጋ፣ ጆሮ ይከፈት፤ የሚያንቀላፋ ካለ ከአሁኑ ይውጣልኝ።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት እንደ እኛ ሲያወሩ፣ እንደ እኛም ሲዋሹ፣ አንድ ምንጭ ብቻ ያለው ቆላ ነበር። ምንጩ ዳር ጎሽ በቀንዱ ይወጋል፣ ጃርት በእሾኋ ትወጋለች፣ ጅብ በጥርሱ ይዘነጥላል። በዚያ አገር እሜቴ ፍየል የምትባል እናት ነበረች። ባሏን እዚያው ምንጭ ዳር በልተውባታል። የቀራት አንድ ግልገል ነው፤ እሱም «ውሃ ጠማኝ» እያለ ያለቅስባታል። ልትወስደው ትነሳለች፣ ፈርታ ትመለሳለች።

የአገሩ ጥበቃ አለቃ ዝንጀሮ ነበር። አንድ ቀን ጉብታ ላይ ወጥቶ አዋጅ ነገረ።

«ስማ፣ ያልሰማህ ስማ! ጥርስ ያለህ ጥርስ አምጣ፣ ቀንድ ያለህ ቀንድ አምጣ፣ እሾህ ያለህ እሾህ አምጣ። ከየት አመጣኸው ብሎ የሚጠይቅህ የለም። አስረክብ፣ ጨው ልሰህ ሂድ።»

ጨው ሲባል ማን ይቀራል? አገሩ በደስታ አበደ።

መጀመሪያ አያ ጎሽ መጣ። የሞተ አያቱን የነቀዘ ቀንድ እየጎተተ ነው። ቀንዱ በመንገድ ሁሉ ያጉረመርማል፤ «ኧረ ተዉኝ፣ ጉንዳን ቤት ሠርቶብኛል፤ የመጨረሻ ውጊያዬ ከቁርጥማት ጋር ነበር።» ዝንጀሮ «ጎበዝ» ብሎ ጨው አስላሰው።

ቀጥላ እትዬ ጃርት መጣች። ከመንገድ የለቀመችውን እሾህ ታቅፋለች። እሾሁም «የሷ እንኳ አይደለሁም፤ ከአክስቷ የረገፍኩት አምና ክረምት ነው» አለ። ዝንጀሮ «ጎበዝ» ብሎ ጨው አስላሳት።

ከዚያ አያ ጅቦ መጣ። አፉን ግጥም አድርጎ የአህያ መንጋጋ ተሸክሟል። መንጋጋው ጮኸ፤ «አለቃ፣ እኔን የበላኝ እኮ እሱ ነው!»

«ከየት አመጣኸው አይባልም ብያለሁ» አለ ዝንጀሮ፣ ጨው አስላሰው።

እሜቴ ፍየል ግን የዋህ ናት፤ አዋጅ አዋጅ መሰላት። ቀንዶቿን ከቋጥኝ ጋር አጋጭታ ሰበረችና ደሙ ሳይደርቅ አመጣቻቸው። «እሜቴ፣ ምን ነካሽ?» አሏት። «ለልጄ ብዬ ነው» አለች። እሷም ጨው ላሰች፣ ግልገሉም ላሰ።

ውሸት አይባልም፣ አዋጁ አንድ ነገር ጠቅሟል። በየጥሻው የወደቀው ስንጥር ሁሉ ተለቅሞ የልጆች እግር መወጋቱ ቀረ። ግን ጨው የላሰ ምን ይሆናል? ይጠማዋል። አገር በሙሉ ጨው ልሶ አገር በሙሉ ወደዚያችው ምንጭ ተግተለተለ።

ዝንጀሮ ምንጩ ዳር በተረከበው የቀንድና የእሾህ ክምር ላይ ቆሞ እስክስታ ይወርዳል። «ከእንግዲህ በዚህ አገር ጥርስ የሚባል የለም!» ይላል። አያ ጅቦ ቀንድ አልባዋን ፍየል አየ፣ ግልገሉን አየ፣ ምራቁን ዋጠ። እሜቴ ፍየል ሲውጥ አየችው። ብሸሽም ያው ነው፣ ልጄን ይበላዋል ብላ አሰበችና ወደሱ ተጠጋች።

«አያ ጅቦ፣ አለቃ ለምን ቁጭ እንደማይሉ ታውቃለህ?»

«እምም» አለ ጅብ፣ አፉን ሳይከፍት።

«ቅድም በክምሩ ላይ ሲጨፍሩ ወድቀው የጃርት አክስት ወጋቻቸው። መቀመጫቸው የቀላው በዚያ ነው።»

ጅብ ጉንጩን ነፋ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ ሊይዘው ሞከረ፣ አልቻለም፤ ሳቁ አመለጠው። ሲስቅ ያ ሁሉ ጥርስ ቦግ አለ። አንድም አልጎደለም!

«አያ ጅቦ፣ ይሄን ለማን ብለህ ያዝከው?» አለችው።

ጅብ አፈረ። «ጃርትን ፈርቼ ነው።»

«አንቺስ እትዬ ጃርት?»

«ጎሽን ፈርቼ ነው።»

«አንተስ አያ ጎሽ?»

«ጅብን ነዋ!»

ዝንጀሮ እስክስታውን አቆመ።

«እንግዲህ ጨው አልሆነም» አለች እሜቴ ፍየል። «ደም የተቃቡ ሰዎች ለመታረቅ ምን ያደርጋሉ? የጡት ልጅ ይሆናሉ። የአንድ ጡት ልጅ ወንድሙን አይነካም፣ የጡት እናቱን አይበላም፤ ከበላ አገር አይቀበለውም። ኑና ጥቡኝ።»

ጎሽ ተንበርክኮ ጠባ። ጃርት እሾኋን አስተኝታ «ቀስ» እየተባለች ጠባች። የጅብ ተራ ደረሰ። ያን ሁሉ ጥርስ ይዞ በፍየል ሆድ ስር አጎነበሰ። ግልገሉ «እማዬ!» አለ። እሷ ግን ቆመችለት። ክምሩ ውስጥ ያረጀው ቀንድ «ዓይኔን ሸፍኑኝ» አለ። «ዓይን የለህም» አለው መንጋጋው፤ «ደግሞ ይሄን ሳላይ አልቀርም።»

ጅብ ጠባ። ወተቱ በጢሙ ወረደ። ቀና ብሎ አፉን ጠረገና፣ ዕድሜውን ሙሉ ብሎት የማያውቀውን ቃል አለ።

«እማማ።»

ከዚያ ወዲያ ግልገሉ ወደ ምንጩ ሲወርድ ጅብ ከኋላው ይሄዳል። «ማን ነው?» ሲሉት «ታናሽ ወንድሜ ነው» ይላል፣ በዚያ ሁሉ ጥርሱ እየሳቀ። ዝንጀሮ ግን «ያስታረቅኋቸው በጨዬ ነው» እያለ ዛሬም ያወራል፤ ተዉት፣ ያውራ።

እኔ ጨረስኩ፤ ተረቱን ለጎረቤት አድርሱ፣ ለእኔ ውሃ አቀብሉኝ። ጥርስ በጨው ይለቀማል፣ ፍርሃት ግን በዝምድና ይነቀላል።