የአቧራው መጠን በማን ደረት ተለካ?

መርዶው እልፍነሽ ዘንድ የደረሰው ማለዳ ነበር። ጎረቤቶቿ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በሯ ላይ ሲቆሙ፣ ማንም አፉን ሳይከፍት ነገሩ ገባት። ባሏ ደምሰው ልብስ ሰፊ ነበር። ደረቱ ከልጅነቱ ጀምሮ በአስም የደከመ ነው፤ ሱቁ ደግሞ ከድንጋይ መፍጫው ፋብሪካ ወዲህ፣ ነፋሱ አቧራውን በሚያመጣበት በኩል ነበር። ሲብስበት ሆስፒታል ወሰዱት፤ የተመለሰው ግን ሬሳው ነው።

የአርባው ተዝካር ካለፈ በኋላ ሌላ ወሬ መጣ። ከከተማ የመጡ ባለሙያዎች በአየር ውስጥ የሚፈቀደውን የብናኝ መጠን እንደገና እየመረመሩ ነው፤ የታመመበት ወይም የሞተበት ሰው ቀርቦ ይናገር ተባለ። የደምሰው ወንድም «ሂጂ እንጂ!» አላት። እሷን ግን ነገሩ አንገሸገሻት። ባለፈው ዓመት እነዚያው ሰዎች መሣሪያ ተክለው፣ ለክተው፣ «ከተፈቀደው በታች ነው» ብለው ሄደዋል። ስለዚህ ወደ ባሏ የነፍስ አባት፣ ወደ የኔታ ኅሩይ ሄደች።

«የኔታ፣ አየሩ ከመጠን አላለፈም ብለዋል። ወይ እነሱ ዋሽተዋል፣ ወይ ደምሰውን የገደለው ሌላ ነገር ነው። እንግዲህ ሄጄ ምን ልበላቸው?»

የኔታ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙና እንዲህ አሉ።

«አንድ ኖራ የሚያስፈጭ ባለጠጋ ነበረ። ወፍጮው ከመንደሩ በላይ ስለሆነ፣ ነፋስ በተነሣ ቁጥር ነጩ ትቢያ ቤቱን ሁሉ ያለብሰዋል። ሕዝቡ ሳል ሲጠናበት ዳኛ ዘንድ ከሰሰው። ዳኛው በፍርድ የማያዳላ፣ ደረቱ ሰፊ፣ ድምፁ ከማዶ የሚሰማ ሰው ነበር። ‹በወሬ አልፈርድም፣ እኔው እለካዋለሁ› አለና ጥቁር ጨርቅ አስዘርግቶ የዕለት ዳዊቱን ደግሞ እስኪጨርስ ወፍጮው ደጃፍ ቆመ። አንዴም አላሳለውም። ‹ይህን ያህል ትቢያ ሰው አይጎዳም› ብሎ ፈረደ። ‹በደጃፉ ዘወትር እንዲህ ያለ ጨርቅ ይዘርጋ፤ ዛሬ ከነጣው በላይ የነጣ ቀን ወፍጮው ይቁም› አለ።

«ባለጠጋው ፍርዱን አከበረ። የሚከስ ሰው ሲመጣ ጨርቁ ይታያል፤ ከመጠኑ ስላላለፈ ከሳሹ ይመለሳል። መንደርተኛው ራሱ ‹ጨርቁ ደህና ነው› እያለ ይስል ነበር።

«አንዲት ሴት ግን ደረቷ ደካማ የሆነ ልጅ ነበረቻት። ነፋስ ባለ ጊዜ ልጅቷ ጋደም ማለት አትችልም። እናቲቱ ሸንጎው መካከል ገብታ ዳኛውን፣ ‹ጌታዬ፣ ደረትዎን ለልጄ ያውሱልኝ› አለችው።

«ሸንጎው ሳቀ። ዳኛውም ፈገግ ብሎ፣ ‹ምን አልሽ አንቺ?› አላት።

«‹ፍርዱ የተለካው በእርስዎ ደረት ነው። እሷ ያላት ደግሞ የራሷ ብቻ ነው። ወይ ያውሱልኝ፣ ወይ መጥተው የእሷን ይዩልኝ።›

«ዳኛው ከወንበሩ ተነሣ። ተከተላትም። ከልጅቷ መደብ አጠገብ ቁጭ ብሎ ዋለ። ጨርቁ እንደ ወትሮው ነበር፤ ልጅቷ ግን አንዲት ጉንጭ ውሃ ለመዋጥ ትንፋሿን ስትለምን አየ። ጆሮውን ደረቷ ላይ አድርጎ አዳመጠ። በማግስቱ ሸንጎው በተሰበሰበበት ‹ፍርዴን አንሥቻለሁ› አለ።

«ባለጠጋው ተቆጣ። ‹ዳኛም ቃሉን ያጥፋል እንዴ? ካሉኝ መጠን አንድ ቀን እንኳ አልፌ አውቃለሁ?›

«‹አላለፍክም፤ አንተ አላጠፋህም› አለው ዳኛው። ‹ያኔ የማውቀው የራሴን ደረት ብቻ ነበር። ትናንት የእሷን አወቅሁ። ካወቅሁ በኋላ በድሮው ብጸና ግን ውሸታም እሆናለሁ።› ‹ከእንግዲህ መጠኑ በእሷ ትንፋሽ ይለካ› ብሎም ጨርቁን ከወፍጮው ደጃፍ አስነሥቶ ልጅቷ መስኮት ላይ አሰቀለው። ባለጠጋው እያጉረመረመ፣ ድንጋዩን ውሃ እያርከፈከፈ ማስፈጨት ጀመረ።»

የኔታ ይህን ብለው ወደ እልፍነሽ ዞሩ።

«ልጄ፣ ዳኛው እነዚያ ባለሙያዎች ናቸው። አልዋሹሽም፤ መጠኑ የተለካው በጤነኛ ደረት ስለሆነ ነው። ደምሰው ደግሞ እንደዚያች ልጅ ነበር። ዳኛውን ከወንበሩ ያስነሣችው ሸንጎ መሀል የገባችው ሴት ናት። ለአንቺማ እነሱ ራሳቸው ሀገርሽ ድረስ መጥተው ንገሪን እያሉሽ ነው። ዝም ካልሽ በማን ደረት ይለኩ?»

«እሱ እንደሆነ አይመለስልኝም» አለች እልፍነሽ።

«አይመለስም» አሉ የኔታ። «ከሱቁ ጎን ያሉት ግን ገና ይተነፍሳሉ።»

እልፍነሽ ሄደች። ደምሰው የስፌት መኪናውን እየረገጠ ትንፋሽ ሲያጥረው፣ ግንባሩን መኪናው ላይ አስደግፎ እንዴት ያርፍ እንደነበር ለባለሙያዎቹ ነገረቻቸው። አንደኛዋ «መቼ መቼ ነበር የሚብስባቸው? ያስታውሳሉ?» ብላ ጠየቀቻት።

«ነፋሱ ከፋብሪካው የመጣ ጊዜ ሁሉ» አለች። «እናንተ ደህና ነው ባላችሁበት ጊዜም።»

ሴትዮዋ «እስቲ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ» ብላ ወንበሯን አስጠጋች። አዲሱ መጠን እስካሁን አልተወሰነም።

ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ ለልብስ ሰፊው ለደምሰው ጸልዩለት፤ ትንፋሽ በማያጥርበት ቦታ እግዚአብሔር ነፍሱን ያሳርፍለት ዘንድ።