ብል የበላው ካባ

ከተራራ ሥር በተቆረቆረች፣ የድንጋይ ካቦቿን ዕድሜ ባጠቆራቸው አንዲት ጥንታዊ ከተማ ሼህ ሙነወር የሚባሉ ዓሊም ነበሩ። የከተማዋን ስም ሳልጠራ የማልፈው ልደብቃት ፈልጌ አይደለም፤ ይህን የሰማ ከተማ ሁሉ «የእኛው ሼህ ናቸው» እንዲል ብዬ ነው።

ሼህ ሙነወር ፊቅህ፣ የሸሪዓውን ሕግ ያቀራሉ፣ የተጣላ ያስታርቃሉ፣ የታመመ ይጠይቃሉ። ለዚህ ሁሉ ገንዘብ አይቀበሉም። ሰው ደግሞ ውለታ ተሸክሞ ማደር አይሆንለትምና ልብስ ያመጣላቸዋል። ለዒድ ጀለቢያ፣ ከሐጅ ሲመለሱ ካባ፣ ልጅ ሲዳር ጋቢ። ሼኹ ዱዓ አድርገው ይቀበሉና ለልጃቸው ለሉባባ ያቀብሏታል።

ሉባባ ባሏ ከሞተባት ወዲህ ወደ አባቷ ቤት ተመልሳ ጓዳውን የያዘች ሴት ናት። የመጣውን ልብስ አጣጥፋ፣ በመሀል በመሀሉ አሪቲ እየነሰነሰች በትልቁ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ትደረድረዋለች። ጎረቤት ሲመጣ ክዳኑን ገለጥ አድርጋ ማሳየት ትወዳለች። «የአባ ክብር ነው» ትላለች። አባቷ ግን አንዱን ለብሰው አንዱን ያሳጥባሉ፤ ከዚያ አያልፉም።

«አባ፣ ሰው ምን ይላል? ያ ሁሉ ልብስ ተቀምጦ!» ትላቸዋለች።

«የለበስኩት መቼ አረጀና፣ ሉባባዬ» ይሏታል። ሳጥኑ ውስጥ ስላለው ግን እሳቸውም አስበው አያውቁም ነበር።

በከተማዋ ሱሩርና በድሩ የሚባሉ እንጨት ፈልጠው የሚያድሩ ወንድማማቾች ነበሩ። ሼኹ ሱሩርን አንድ ጁምዓ ከሰጋጁ መሀል ያዩትና በሚቀጥለው ያጡታል። ነገሩ ሲደጋገም ልባቸው አላስችል አለ። አንድ ቀን ከአስር ሶላት በኋላ ቤታቸው አስጠሩት። ሉባባ ከጓዳ ሆና ትሰማለች።

«ሱሩር ልጄ፣ ሥራ በዝቶብህ ነው?»

«አይደለም፣ ሼኻችን።»

«ታዲያ አንዱን ጁምዓ መጥተህ በሌላው የምትቀረው ለምንድን ነው? ጁምዓ ዋጅብ፣ ግዴታ መሆኗን አንተም ታውቃለህ።»

ሱሩር መሬት መሬት አየ። «የቀረሁበት ጁምዓ ተራው የወንድሜ ነው» አለ።

«የምን ተራ?»

«የጀለቢያው። አባታችን የተወልን አንድ ጀለቢያ አለን። የሥራ ልብሳችን ተበጣጥሶ ዐውራችንን፣ ኀፍረታችንን አይሸፍንም። አንዳችን ለብሰን ስንወጣ ሌላችን ጆንያ ተጠቅልለን ቤት እንቆያለን።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለሰው አይንገሩብን፣ ሼኻችን።»

 ሼኹ ዱዓ አድርገውለት ሸኙትና ወደ ጓዳው ዞሩ። «ሉባባ፣ እስቲ ያንን ሳጥን ክፈችው።»

ሉባባ ከፈተች። ከላይ ያሉት ደህና ነበሩ። ወደ ታች ስትደርስ ግን ከሥር የተቀመጠውን የሱፍ ካባ ብድግ ብታደርገው ብርሃን እንደ ወንፊት አሳለፈ። የብል ብናኝ ከእጥፋቱ ውስጥ ተነሥቶ ፊቷ ላይ በነነ። ካባው ሐጂ ሸምሱ የሚባሉት ባለጸጋ ከሐጅ ሲመለሱ ለሼኹ ያመጡላቸው ነበር።

«ያ ረቢ!» ብላ ጮኸች። በገዛ እጇ ያጠፋችው ያህል ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ሼኹ አልተቆጧትም። ከሳጥኑ አጠገብ ቁጭ ብለው ቀዳዳዎቹን በጣታቸው ዳሰሱ። «በድሩ ጆንያ ለብሶ ሲቀመጥ እኛ እዚህ ብል ስንቀልብ ኖረናል» አሉ። «ጥፋቱ ያንቺ ብቻ አይደለም። ተቀብዬ የረሳሁት እኔ ነኝ።»

ያን ዕለት ለገላቸው አንድ፣ ለመቀየሪያ አንድ፣ ለዒድ አንድ አስቀሩ። የቀረውን እንድታዘጋጅ ነገሯት። ሉባባ የላላውን ቁልፍ አጠበቀች፣ የረዘመውን አሳጠረች፣ የተተረተረውን ሰፋች። ክሩ የላላ ልብስ ከቤታቸው እንዲወጣ አልፈቀዱላትም። «እኔ የማልለብሰውን ለሰው አልሰጥም» አሉ። ማንም እንዳይሸማቀቅ ልብሱን በነጠላዋ ሥር ሸሽጋ ከየቤቱ ታደርስ ጀመር።

ለሱሩር የተመረጠው አንገቱ በአረንጓዴ ክር የተጠለፈ ነጭ ጀለቢያ ነበር። ሉባባ እሱ ላይ ስትደርስ መልሳ አስቀመጠችው።

«አባ፣ ይሄ እኮ ሐጂ ሸምሱ ለዒድ አሰፍተው ያመጡት ነው። አንድም ቀን አልለበሱትም።»

«ስላልለበስኩት ነው ለእሱ የሚሆነው» አሉ።

በሚቀጥለው ጁምዓ ሱሩርና በድሩ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ሰገዱ። ሐጂ ሸምሱ ከኋላቸው በተሰለፈው ሰፍ ነበሩ። አረንጓዴውን ጥልፍ አወቁት። ሶላቱ ሲያበቃ የሼኹን እጅ ሳይስሙ ወጡ።

እዚህ ላይ ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። የመስጂዱን ጣሪያ በገንዘባቸው የሚያሳድሱት ሐጂ ሸምሱ ነበሩ። በማግስቱ ሠራተኞቻቸው መሰላሉን ይዘው ሄዱ። ግማሹ ጣሪያ እንደተከፈተ፣ ቆርቆሮው ግቢ ውስጥ እንደተቆለለ ቀረ። ወሩ ሰኔ ነበር፤ ተራራው አናት ላይ ደመና ተኝቷል።

የመስጂዱ ጀማዓ ሽማግሌዎች ወደ ሼኹ ቤት መጡ። «ለሱሩር ሌላ ይስጡትና ያንን ይመልሱት» አሉ። «አንድ ጁምዓ ብቻ ይልበሱት። ሐጂ ይታረቃሉ፣ መስጂዱም ይከደናል።»

ሉባባም በልቧ የያዘችውን አወጣች። «ካልሆነም ‹አውሼው ነው› ይበሏቸው፣ አባ። ለማስታረቅ እኮ ነው።»

«ይሄን ለማስታረቅ ብዬ አልለውም፣ ልጄ። ካልኩትም ፈርቼ ነው የምለው።»

ይህን ሲነጋገሩ ሱሩር ራሱ በር ላይ ቆመ። ጀለቢያውን አጥቦ፣ አጣጥፎ ይዞታል። «በእኔ ምክንያት የአላህ ቤት አያፍስስ። ይውሰዱት፣ ሼኻችን» አለ።

ሼኹ ተነሡ። ልብሱን ከእጁ ተቀብለው መልሰው በትከሻው ላይ አኖሩለት። «በጀማዓ ፊት የሰገድክበትን ልብስ ገፍፌህ እኔ ልስገድበት? አዑዙ ቢላህ! ሂድ፣ ልበሰው።»

ዝናቡ ሳይውል ሳያድር መጣ። በዙህር ሶላት ላይ ምንጣፉ ራሰ፤ ሰጋጁ ወደ ደረቁ ጥግ ተጠጋጋ። ሼህ ሙነወር የሚያፈሰውን ቦታ ለራሳቸው አድርገው ሰገዱ። እንደጨረሱ ወደ ቤት ገብተው «ካባውን ያዥና ተከተይኝ» አሏት ሉባባን።

ሐጂ ሸምሱ ከሼኹ ዘንድ ከአሊፍ ጀምሮ ቁርአን የቀሩ ናቸው። በራቸው ላይ ጺማቸው ውኃ የሚያንጠባጥብ መምህራቸውን ሲያዩ ደንግጠው ተነሡ። አስገብተው አስቀመጧቸው፤ ቂማቸው ግን ከፊታቸው አልጠፋም።

«ሸምሱ ልጄ፣ ከፍቶሃል» አሉ ሼኹ።

«ከፍቶኛል። ጨርቁን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ልብስ ሰፊው አጠገብ ቆሜ ነው ያሰፋሁት። አባቴን በልጅነቴ ቀብሬ ያወቅኩት አባት እርስዎን ነው። አባቴን አለበስኩ ብዬ ስጠብቅ እንጨት ፈላጭ ለብሶት አየሁ።»

ሉባባ ቀና ብላ አየቻቸው። እስከዚያች ሰዓት ሐጂ ሸምሱን ኩራት ያስቆጣቸው ይመስላት ነበር።

ሼኹም እንዲህ የሚል ቃል አልጠበቁም። «ሳልነግርህ መስጠቴ ጥፋት ነው። አውፍ በለኝ» አሉ። ቀጥለው «ግለጪው» አሏት።

ሉባባ ካባውን ምንጣፉ ላይ ዘረጋችው። ሐጂ ሸምሱ ጎንበስ ብለው አዩት፤ ጣታቸውም በቀዳዳው አለፈ።

«ይሄም ያንተ ነው» አሉ ሼኹ። «ጀለቢያውን ለሰው ሰጠሁት፣ ይሄን አክብሬ አስቀመጥኩት። ያከበርኩትን ብል በላው፤ የሰጠሁት በየሱጁዱ ከሱሩር ጋር ግንባሩን ይደፋል። ከሁለቱ የትኛው ምንዳ ይሻልሃል?»

 ሐጂ ሸምሱ ዓይናቸውን ጠርገው «ታዲያ እርስዎ ምን ሊለብሱልኝ ነው?» አሉ።

«ይሄንኑ» አሉ ሼኹ። «ካስጠገንክልኝ ክረምቱን የምለብሰው እሱን ነው።»

ካባው ወደ ልብስ ሰፊው ሄደ። ቀለሙ የሚመስል ሱፍ ስላልተገኘ ጥቁሩ ላይ ቡናማና ግራጫ ተጣፈበት። ሼህ ሙነወር ያን ክረምት፣ ከዚያ በኋላም ብዙ ክረምት ለበሱት። ሐጂ ሸምሱም ሠራተኞቻቸውን የመለሱት በዚያው ሳምንት ነው፤ የመጨረሻውን ቆርቆሮ ሲመቱ ሱሩር መሰላሉን ይዞ ነበር።

ስለ ሉባባ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ከሼኹ ሳጥን ሌላ የራሷ ሳጥን ነበራት፤ የሰርጓ ቀሚሶች ያሉበት። አባቷ ስለ እሱ አንዲትም ቃል አልተናገሯትም። እሷ ብቻዋን ከፈተችው፤ አንዱን ቀሚስ ጉንጯ ላይ አድርጋ ብዙ አለቀሰች፤ ከዚያ ፀሐይ ላይ አሰጣችው። በዚያ ዓመት የአንዲት ድሃ ልጅ ኒካሕ ሲታሰር ሙሽራዋ ያጌጠችው በእሱ ነበር። ቀሚሱ ታጥቦ፣ ተሰፍቶ፣ በሌላ ሙሽራ ገላ እንደገና ወጣ። ሉባባ በየሰርጉ ጫፉን አይታ ታውቀዋለች፤ ከማንም በላይ እልል የምትለውም እሷ ነበረች።

አንድ ቀን እሳቸው ዘንድ ከሚቀሩት ደረሶች አንዱ ደፍሮ ጠየቃቸው። «ሼኻችን፣ ይሄን ያህል ሰው አልባሽ እያለዎት ስለምን የተጣፈ ይለብሳሉ?»

ሼህ ሙነወርም አሉ፦ «ገላ አንድ ነው፤ የተረፈው ልብስ የሰው አማና ነው።»

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ሼኹ አዲስ ልብስ ሐራም ነው አላሉም። ማጌጥም ከአላህ የተሰጠ ኒዕማ ነው፤ ለዒድ ያስቀሩት እኮ ለዚያ ነው። ያሉት ሌላ ነው። አማና፣ አደራ የያዘ ሰው ይጠብቃል፤ ያጥባል፣ ይሰፋል፣ ከብል ያድናል። ባለቤቱ ሲመጣ ደግሞ ያስረክባል። እኛ ግን ቁምሳጥኑ አልዘጋ እያለን «የምለብሰው የለኝም» ብለን ገበያ እንወጣለን። ካለን ላይ አጥበን፣ ጠግነን ብንለብስ ለገላችን ይበቃን ነበር፤ የቀረው ባለቤቱን ያገኝ ነበር። ባለቤቱ ሁሌ በር አያንኳኳም፤ አንዳንዱ አፍሮ፣ ተራውን እየጠበቀ ቤቱ ተቀምጧል። እሱን ቀድመን የምናስታውስ ያድርገን፤ አሚን።