የበቅሎ እፎይታ

ተረት ተረት፤ ያልሰማ ይስማ፣ የሰማም ይድገም። በቅሎ አህያን ነክሳ ከዛፍ ጥላ ሥር አባረረቻት። ለምን ቢሉ፣ አህያ መድኃኒት ሳትቀባ ስለተሻላት።

የሁለቱም ጀርባ በጭነት ተልጦ ቆስሎ ነበር። ሐኪሟ ጦጣ ቅጠል ጨምቃ የምትቀባው ግን በቅሎን ብቻ ነው፤ ቅጠሉ ለሁለት አይበቃማ። ስትቀባት በቅሎ ዐይኗን ጨፍና «እፎይ!» ትላለች። ፊት ለፊቷ የቆመችው አህያም ይህን ስታይ ትከሻዋ ይላላል፣ ጆሮዋ ዘንበል ይላል፣ እሷም «እፎይ!» ብላ እንቅልፏን ትለጥጣለች።

በቅሎን ይህ አንገበገባት። ቅባቱ የእኔ፣ እፎይታው የእሷ! ጦጣን «ከእኔ ቀንሰሽ ነው የምትቀቢያት» ብላ ወነጀለቻት።

«ጣቴን አሽትቺ፤ እሷን አልነካኋትም» አለች ጦጣ። «አንቺን አይታ ነው የቀለላት።»

ይሄ ደግሞ የባሰ አቃጠላት። አህያን ነክሳ ከአጥር ውጭ አባርራትም አላረፈች። ጦጣ ስትቀባት እሷ አንገቷን አስግጋ በአጥሩ ቀዳዳ አህያን ትሰልላለች፤ መቀባቷንም አታውቅ። ቁስሉ እንደ አዲስ ይጠዘጥዛት ጀመር። በመጨረሻ ቢቸግራት በአጥሩ ላይ ጮኸች፦ «አንቺ ገጣባ! እፎይታዬን ሰርቀሽ የት ልትደርሺ ነው?»

አህያ ቀና ብላ አየቻትና እንዲህ አለቻት፦ «የወንድሜ ልጅ፣ ስታቃስቺ እያየሁ አብሬሽ ሳቃስት በከረምኩ ጊዜ፣ ሕመሜን ሰረቅሽኝ ብለሽኝ ታውቂያለሽ?»